ታንኳ በእማሆይ ቦይ

ኤሌኒ ታንኳዋን ውሃው ላይ ከማስቀመጧ በፊት ግራ ቀኝ አየች። ታንኳ ትባል እንጂ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ከደረቀ ቄጠማ ተጠቅልላ በልጥ የታሠረች፣ ፊትና ኋላዋ ወደ ላይ የተቀሰረ ነገር ናት። ሣሩ ላይ የኅዳር ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከጉና በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ቀይ አበባ ያለበትን ወፍራም የኩዌት ሻሏን እስከ አገጯ ሳበችና ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ታንኳዋን ለቀቀቻት። ታንኳዋ አንዴ ዞረች፤ ጥቂት አመነታችና መንገዷን ያዘች።

ቦታው ጠለፋው ነው፤ ወራጁ ውሃ በድንጋይ ተከልክሎ ወደ ቦይ የሚገባበት። ከዚህ የሚነሣው የእማሆይ ቦይ ደብረ ታቦርን በጎን ሰንጥቆ፣ በአጥርና በቤት ሥር ተሽሎክሉኮ፣ ከከተማው ግርጌ ካሉት የአትክልት ቦታዎች ይደርሳል። ይደርስ ነበር ቢባል ይሻላል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ በኤሌኒ ተራ የሚመጣው ውሃ ምላስ አያርስም። እዚህ ላይ ቦዩ ሞልቶ ይገባል፤ እዚያ ታች ቀጥኖ ይወጣል። መሐል ላይ የሚጠጣው አለ ማለት ነው።

ማን እንደሆነም ታውቃለች። ቢያንስ የምታውቅ ይመስላታል፤ የቀራት ማስረጃው ነው።

ማስረጃውም ዛሬውኑ መገኘት አለበት። ከሰዓት በኋላ የቦዩ ተጠቃሚ ሁሉ ከታች ጥዱ ሥር ይሰበሰባል። የውሃ አባቱ፣ ማለትም ተራ የሚያወጣውና የውሃ ጠብ የሚዳኘው ሰው፣ በትሩን ይዞ ይቆምና ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ «የተቀየመ አለ?» ይላል። የተቀየመ ካለ ተነሥቶ ይናገራል። ጥፋቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ አጥፊው የውሃ አባቱ ራሱ ቢሆን እንኳ በትሩን አስረክቦ ይወርዳል። ሦስቱም ጥሪ በዝምታ ካለፈ ግን የውሃ አባቱ እፍኝ አፈር ዘግኖ ውሃው ላይ ይበትናል፤ ከዚያ ወዲያ እስከሚመጣው ኅዳር ድረስ ስለ ውሃ አፉን የሚከፍት የለም። አትክልቱ ቆሞ ቢደርቅም የለም።

የውሃ አባቱ አያ ዋልልኝ ናቸው። ቦዩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ ከሰው ዐይን የሚሰወረው ደግሞ በአያ ዋልልኝ ግቢ ሥር ሲያልፍ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? በአትክልት ቦታ የሚዋሰኗት እትዬ ካሰች ሁለቱን ነገር ገጣጥመው ካሳዩዋት ቆይተዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ» ይሏታል ባገኟት ቁጥር።

ችግሩ አያ ዋልልኝ ባዳ አለመሆናቸው ነው። የአባቷ ባልንጀራ ናቸው። አባቷ ሲሞቱ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ፤ እሷ ከኩዌት ስትመለስም መናኸሪያ ቆመው የጠበቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የዚያን ዕለትም ያንኑ ጋቢ ለብሰው ነበር። ሟች ሚስታቸው ፈትላ ያሠራችላቸው ጋቢ ነው፤ ለእንግዳ አያውሱትም፣ ፀሐይ ቢከርም አያወልቁትም። የሰፈሩ ሰው «እሳቸውስ ዕድሜ ጠግበው ይሞታሉ፤ የሚያሳዝነው አብሮ የሚቀበረው ጋቢ ነው» እያለ ያላግጣል።

ኤሌኒ መጠርጠርን የተማረችው ተጠርጥራ ነው። ኩዌት የነበረችበት ቤት ማዳሟ የወተቱን ልክ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ታሰምር ነበር። ኤሌኒ አንድም ቀን ጠብታ አልነካችም፤ ያቺን መስመር ባየች ቁጥር ግን ልቧ የሌባ ልብ ሆኖ ይመታ ነበር። አሁን እሷ ራሷ ከአትክልቷ ራስጌ ባለው ድንጋይ ላይ የውሃውን ልክ በከሰል ታሰምራለች። መጀመሪያ ያሰመረች ዕለት ጣቷ ላይ የቀረውን ጥቁር እያየች ማዳሟን አስታወሰችና አፈረች። ማስመሩን ግን አልተወችም። አትክልት ቦታዋ ላይ የተከለችው ነጭ ሽንኩርት ከደረቀ ሳጥን ውስጥ የቆለፈችውን ፓስፖርት አውጥታ ወደዚያው ቤት፣ ወይም ወደ መሰሉ፣ መመለስ ነው የሚቀራት። ያን ከማድረግ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ቢወስዳት ትመርጣለች።

«ይቺ ደግሞ የማን ታንኳ ናት?»

ደንግጣ ዞረች። ሚልኪያስ ነው፤ ሰሞኑን ስልኩን ወድሮ በሰፈሩ የሚዞር፣ ጫማው ጭቃ የማይወድ ወጣት። የቦዩን ታሪክና መልክ እጽፋለሁ፣ ጎብኚ እንዲያውቀው፣ ይላል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ «ከመሥሪያ ቤት» ይላል፤ ከየትኛው ሲባል ፈገግ ይላል። በዚህ ሰፈር ደግሞ ሳይተዋወቅ ፈገግ የሚል ሰው ወይ ግብር ሊሰበስብ ነው፣ ወይ ሚስት ሊያጭ ነው።

«የእኔ ናት» አለች።

«ወዴት ነው ጉዞዋ?»

«ውሃው ወደሚሄድበት።»

«አብሬያችሁ ብሄድ ቅር ይልሻል?»

እምቢ ብትል የምትደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። እሺ ብትል ደግሞ ሰላይ ከጎኗ አሰልፋ መሄዷ ነው። ኤሌኒ አሰበችና ሰላይን ከኋላ ከመተው ከጎን ማድረግ ይሻላል ብላ እሺ አለች።

ታንኳዋ በባሕር ዛፉ ሥር ፈጠን ብላ ወረደች፤ እነሱም ዳር ዳሩን ተከተሏት። ሚልኪያስ አሠራሯን የት እንደተማረች ሲጠይቃት መልስ ልትነፍገው አስባ ነበር፤ ነገሩ አያቷን የሚያነሣ ሆነባትና ምላሷ ተፈታ። የእናቷ አባት ሙላቴ የፎገራ ሜዳ ሰው ነበሩ። ጉማራ ጣና ከሚገባበት ዳር ተወልደው በደንገል ታንኳ ላይ ያደጉ ናቸው። ክረምት ወንዙ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ከሐይቁ ወደ ላይ እህልና እንጨት ጭነው በረጅም ዘንግ እየገፉ ይወጡ ነበር። የወንዙን መታጠፊያ ሁሉ በስም ያውቁታል፤ ዘመድ የሚቆጥሩ ነበር የሚመስሉት። በእርጅናቸው ደጋ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ሲጦሩ ደንገል ስላጡ በቄጠማ ትንንሽ ታንኳ እየሠሩ ለልጅ ልጃቸው ይሰጡ ነበር። «ውሃን ወዴት ትሄዳለህ ብለሽ አትጠይቂው፤ አንድ ነገር ጣይበትና ተከተይው» ይሏት ነበር።

«ይሄ ቦይስ ጉማራ ይገባል?» አለ ሚልኪያስ።

«የተረፈው ይገባል። በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ አልፎ ጣና ይወርዳል። ድሮ ነው ታዲያ፤ አሁን የሚተርፍ የለም።»

ይህን የመጨረሻውን በምን ምክንያት እንደነገረችው ወዲያው ጸጸታት። ሚልኪያስ በስልኩ አንድ ነገር ጻፈ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሲደርሱ የአብነት ተማሪዎች ነጠላቸውን እያጠቡ ቀለማቸውን ያጉረመርማሉ። ታንኳዋን ሲያዩ ማጉረምረሙ ቆመ። ሚልኪያስ ቦዩን ማን እንደቆፈረው ጠየቃቸው።

«እማሆይ ናቸው» አለ አንዱ። «በመቋሚያቸው መሬቱን እየጫሩ ወረዱ፤ ውሃው ተከተላቸው።»

«የለም፣ በጋፋት ዘመን ለንጉሡ ብረት ሲቀጠቀጥ መንኮራኩር ሊያዞሩበት የቆፈሩት ነው» አለ ሌላው። «እማሆይ ኋላ የመጡ ናቸው።»

ክርክሩ በግእዝ ጥቅስ ታጅቦ ቀጠለ። ኤሌኒ ሁለቱንም አላመነችም። እትዬ ካሰች ቦዩን የቆፈሩት አባታቸው ናቸው ብለው ሲምሉ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። እሷ የገባት ነገር ቢኖር ለቦዩ አባት የሚፈልግለት ሁሉ ውርስ እንደሚፈልግ ነው። ለእማሆይ የሰጠው የቤተ ክርስቲያን ነው ሊል ነው፤ ለንጉሥ የሰጠው የመንግሥት ነው ሊል ነው፤ ለአባቱ የሰጠው የኔ ነው ሊል ነው። ውሃው ግን የማንንም ስም ሳይጠራ ታንኳዋን ይዞ እየሄደ ነበር።

ከቅጥሩ በታች ቦዩ በአጋምና በእንዶድ አጥር መሐል ይጠብባል። ፀሐይዋ ወጥታ ውርጩን ማቅለጥ ጀምራለች፤ ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል። እዚህ ላይ ቦዩ ያምራል፤ ኤሌኒ በችኮላዋ መካከል እንኳ ሳታየው አላለፈችም። ሚልኪያስ ተንበርክኮ ፎቶ አነሣ። ለዚህ መንበርከክ ሱሪውን ጭቃ ማስነካቱ ትንሽ አስገረማት፤ ቢሆንም አስመሳይም ይንበረከካል አለች በልቧ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ሌላ ዓለም ነው። ባጃጅ የሚያጥቡ ወጣቶች ባልዲያቸውን ቦዩ ውስጥ እየነከሩ ነበር፤ ኤሌኒን ሲያዩ ባልዲው ከኋላቸው ተደበቀ። ታንኳዋ የሳሙና አረፋ ውስጥ ገብታ ለጥቂት ጊዜ ጠፍታ ወጣች። እየተሠራ ካለው ሆቴል ጎን ውሃ የሚስብ ጎማ በሩጫ ተጎተተ። አንዲት ሴት ጎመን ልታጠጣ በጆግ የቀዳችውን ውሃ መልሳ ቦዩ ውስጥ ደፋችውና ራሷ ሳቀች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ ሁሉም በየአቅሙ ይነክራል። ኤሌኒ ሌቦቹን አንድ በአንድ በልቧ መዘገበች። ይሁን እንጂ ባልዲና ጆግ ቦይ አያደርቅም። ታንኳዋ አስፋልቱን በቱቦ ተሻግራ ብቅ ስትል ውሃው አሁንም ሙሉ ነበር።

እንግዲህ የቀረው አንድ ግቢ ነው።

ታንኳዋ የአያ ዋልልኝን አጥር ሥር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ከሚጀምርበት ጨለማ አፍ ስትደርስ ኤሌኒ ጎንበስ አለች። ታንኳዋ ገባች። ኤሌኒ ሚልኪያስን በመተላለፊያው ዞሮ ታች ባለው መውጫ እንዲጠብቅ ላከችው። «ከወጣች ተጣራ» አለችው። እሷ እዚያው ቆማ ጠበቀች። ነጋዴ አህያውን እየነዳ አለፈ፤ ፀሐይዋ አጥሩን ተሻገረች። የሚጣራ የለም። ውሃው በዚህ ይገባል፣ ታንኳዋ በዚያ አትወጣም።

የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ከጓሮ የዶማ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የበሩ ሲጢጥታ ሲሰማ ቆመ። ወደ ጓሮ የሚያሳየው ክፍተት ላይ ስትደርስ ያየችው የነጭ ሽንኩርት መደብ ነበር። አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ያደላል፣ አፈሩ ርሶ ጨቅይቷል። የሷ ነጭ ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ጫፉ ሲጠወልግ ይሄ እዚህ ይደልባል። ልቧ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ወዲያው አስጠላት።

አያ ዋልልኝ ከቤቱ ኋላ ብቅ አሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። ጭቃው እንዳይነካው ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል።

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አያ ዋልልኝ፣ በዚህ የገባች ታንኳ አላዩም?»

«ታንኳ? በዚህ ደጋ ታንኳ ምን ይሠራል?»

«የጠፋ ውሃ ይፈልጋል።»

አያ ዋልልኝ የእጃቸውን ጭቃ አራገፉ። ዐይናቸው ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ሄዶ ተመለሰ።

«ደስ ይላል» አለች ኤሌኒ። «የኔማ ቢጫ ሆነ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«የውሃ አባት ይህን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው?» በረጅሙ ተነፈሱ። «ነይ ግቢ። ካየሽ አይቀር ሁሉንም እይው።»

የጓዳው በር ሲከፈት የሰበሰ ጭድ ሽታ ወጣ። አልጋው በድንጋይ ላይ ተሰቅሏል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ጠቁሯል፤ ከማዕዘኑ የተነሣ ስንጥቅ እስከ ጣራው ወጥቷል። ወለሉ መሐል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነሥቶ ወደ ጎን ተደርጓል። ኤሌኒ ጎንበስ ብላ አየች። ከታች ቦዩ ነው፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ይሽከረከርና ግማሹ በጎን በኩል ወደ አንድ ጉድጓድ ይሰምጣል። የሚጎነጭ ጉሮሮ ድምፅ ያሰማል።

«ሐምሌ ላይ ተደረመሰ» አሉ አያ ዋልልኝ። «የድሮ ሰው የካበው ድንጋይ ነው፤ ደከመው። ከሚሰምጠው ገሚሱ ጓሮ ብቅ ይላል፣ ገሚሱን መሬት ነው የሚያውቀው። በጭቃና በጭድ እደፍነዋለሁ፤ ሲያድር ይቦረቡረዋል። እንደገና እደፍነዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ለዚያ ስልክ ለያዘው ልጅ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቦዩ ፈርሷል፣ ሰዉም ተጣልቶበታል ከተባለ ይደፍኑታል፣ ልጄ። ኮብልስቶን አንጥፈው መንገድ ያደርጉታል። የእማሆይን ቦይ እኔ በአፌ ላስደፍነው? ቤቴ ይፍረስ ይልቅ።»

ኤሌኒ የጉድጓዱን ጠርዝ ትክ ብላ አየች። አፈሩ ላይ የዶማ ጥርስ ምልክት አለ።

«ይሄ እኮ የተቆፈረ ነው።»

«እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ሥሩን ሳታይ ምኑን ትደፍኛለሽ?»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«ውሃው በራሱ ጊዜ ጓሮ ከወጣ፣ የበቀለውን ነቅዬ ልጣለው?»

ለሁሉም መልስ አላቸው። ኤሌኒን ያላማራት ይኼው ነበር። ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው መልሱን ሲያሰናዳ የከረመ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት አባቷ ይወዱት ነበር፤ ምናልባት ስለ ባልንጀራቸው የሚያውቁት ነገር ነበረ። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሷን አሳፈራት፤ ሐሳቡ ግን አፍሮ አልሄደም።

አያ ዋልልኝ እስከ በር ሸኟት። «ከሰዓት ስጠራ የምታውቂውን ተናገሪ» አሏት። «ዝም በይልኝ አልልሽም፤ ብትናገሪም አልቀየምሽም።»

እሱም ተንኮል መሰላት።

ሚልኪያስ ታች መውጫው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኘችው። ቀጭን ውሃ በእግሩ ሥር ያልፋል።

«አልወጣችም» አለ። «ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? የሰው ቤት ነው» አለችና ከአፏ ከወጣ በኋላ ለምን እንደዋሸች ግራ ገባት። ስለዚህ እሷ ጠያቂ ሆነች። «አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ። የምትጽፈው ለምንድን ነው?»

ሚልኪያስ ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «ሁለት ሐሳብ አለ» አለ። «ቦዩ ተጠርጎ ዳር ዳሩ ሰው የሚናፈስበት ይሁን የሚል አለ፤ ተደፍኖ መንገድ ይውጣበት የሚልም አለ። ሰዉ ተስማምቶ የሚጠቀምበት ከሆነ የፊተኛው ይመረጣል። ጠብ ካለበት ግን ለተጣላ ነገር ማን ይደክማል? ከሰዓት ስብሰባው ላይ ተቀምጬ የማየውን ነው የምጽፈው።»

«አንተስ የትኛውን ትወዳለህ?»

«እኔ የምወደውን ማን ጠየቀኝ?» አለና ሱሪው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ።

አያ ዋልልኝ የፈሩት እውነት ነበር ማለት ነው። እውነት መፍራታቸው ግን ንጹሕ መሆናቸውን አያሳይም፤ ሌባም የሚፈራው እውነት አለው። ኤሌኒ አትክልቷ ውስጥ ገብታ ቢጫውን ሽንኩርት እየነካካች ቀኑን እዚያው ዋለች። ብትናገር ቦዩ ሊደፈን ይችላል። ዝም ብትል አፈሩ ይበተናል፤ ሽንኩርቷ እስከሚመጣው ኅዳር የሚጠይቅለት አያገኝም። የሳጥኑ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ሳታውቀው ስትዳብሰው ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ቦታው ከኤሌኒ አትክልት ራስጌ ነው፤ ቦዩ በእግራቸው ሥር ያልፋል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ ብሷል፤ ሁሉም ያለውን ደርቧል። ሚልኪያስ ከጥዱ ግንድ ተደግፎ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። የታንኳዋ ወሬ ከሰው ቀድሞ ደርሷል፤ ኤሌኒ ስትመጣ ጫጫታው ዝግ አለ።

እትዬ ካሰች ጎናቸው ቦታ አስለቅቀው አስቀመጧት። «የት ገብታ ቀረች?» አሉ በጆሮዋ።

«አልወጣችም።»

«እኔ ምን አልኩሽ? ዛሬ በትሩን ያስረክባሉ!» እትዬ ካሰች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ውሃ ያጡት ኤሌኒ ብቻ ሳትሆን እሳቸውም ናቸው። እንዲያም ሆኖ ደስታቸው ከውሃም ያለፈ ይመስላል።

አያ ዋልልኝ አርፍደው መጡ። በትራቸውን ይዘው በሰዉ መሐል አልፈው ቦዩ ዳር ቆሙ። ወትሮ የሚያደርጉትን ረጅም ምርቃት ቆረጥ አድርገው ጨረሱና ተጣሩ።

«የተቀየመ አለ?»

አንድ ሰው ሳለ። እትዬ ካሰች የኤሌኒን ጭን ቆነጠጡ። ኤሌኒ ዐይኗን ከሰው ሸሽታ ወደ ድንጋይዋ አየች፤ ወደዚያ ከሰል ወዳሰመረችበት። መስመሩ የለም። እንደገና አየች። ውሃው ሸፍኖታል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ደርሶበት የማያውቀውን ልክ አልፎ ቦዩ ሞልቶ እየወረደ ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ለካ ሲፈልጉ ይመጣል! ለዛሬ ብቻ፣ በሰው ፊት፣ አፏን ለማስያዝ ለቀቁት። ቤቴ ይፍረስ ያሉት፣ ግድግዳው፣ ዶማው፣ ሁሉም ለሷ የተሰናዳ ጨዋታ ነበር። እንባዋ መጣ፤ የመጣው ስለ ሽንኩርቱ አልነበረም። ስለ መናኸሪያው ነበር፤ ሁሉ ሰው ሲረሳት እዚያ ቆመው ስለጠበቋት ሰው።

«የተቀየመ አለ?» አሉ አያ ዋልልኝ ሁለተኛ።

ኤሌኒ ተነሣች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሚልኪያስ ስልኩን አነሣ። ሥርዓቱ ሦስተኛው ጥሪ ሳይሰማ መናገር አይፈቅድምና ቆማ መጠበቅ ነበረባት። በዚያ ዝምታ መሐል ነው ታንኳዋ የመጣችው። ከላይ ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ ጎኗ ተበጥሷል፣ አንዱ ጫፏ ውሃ ጠጥቶ ዘምሟል። ተንሳፍፋ መጥታ ከድንጋዩ ተላትማ ቆመች። ኤሌኒ ጎንበስ ብላ አነሣቻት።

ልጡ ላይ ነጭ ድር ተጠምጥሞ ነበር። በእጅ የተፈተለ ወፍራም ድር ነው።

ቀና ብላ አያ ዋልልኝን አየቻቸው፤ ከመጡ ወዲህ ገና አሁን በትክክል አየቻቸው። በስስ ሸሚዝ ቆመዋል። ጋቢያቸው የለም። ከጉና የሚመጣው ነፋስ ሸሚዙን ከጀርባቸው ጋር አጣብቆታል። ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሌባ ሲፈልግ ሽማግሌው ያለ ጋቢ መቆማቸውን ያየ አልነበረም።

ኤሌኒ ድሩን በጣቷ መዝዛ አውጥታ ጨበጠችው። ሚልኪያስ እንዳላየ ለማረጋገጥ ዞር አለች፤ እሱ የሚያየው ፊቷን ነበር።

«የተቀየመ አለ?» ሦስተኛው ጥሪ ከብርዱ የተነሣ ተቆራርጦ ወጣ።

ኤሌኒ በተቀመጠው ሰው መሐል አለፈች። ፊታቸው ስትደርስ ቀይ አበባ ያለበትን ሻሏን አውልቃ በትከሻቸው ላይ አደረገችና ሁለቱን ጫፍ ደረታቸው ላይ ደርባ ያዘችላቸው። እንዲህ ስታደርግ አፏ ጆሯቸው አጠገብ ነበር።

«ይኼን ግን ይልበሱት» አለች፤ ሌላ ሰው አልሰማም።

አያ ዋልልኝ አላዩዋትም። ዐይናቸው ውሃው ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፤ እጃቸው በብርዱ ደንዝዞ ነበርና ግማሹ በጣታቸው መሐል ሾለከ። የቀረውን ቦዩ ላይ በተኑት።

የመጀመሪያው ሳቅ ከወንዶቹ ወገን መጣ፤ የውሃ አባቱ በቀይ አበባ ተሸልመው ቆመው እንዴት አይሳቅ? ሳቁ ዙሩን ጨርሶ ሲያበቃ ግን በምትኩ ሹክሹክታ ቀረ። ሚልኪያስ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ።

ኤሌኒ ቦታዋ ስትመለስ እትዬ ካሰች ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነበር፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ይበቃል።

«በስንት ገዙሽ?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ መልሱን ለመስማት ዞረው አዩዋት። ኤሌኒ ያንን ዐይን ታውቀዋለች፤ የወተቱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ መስመሩን የሚያይ ዐይን ነው። ነፋሱ በቀሚሷ ሲገባ ታንኳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ድሩን በመዳፏ እንደጨበጠች፣ የከሰሉን መስመር ሸፍኖ የሚወርደውን ውሃ ማየት ጀመረች። ጉድጓድ ውስጥ የተወተፈ ጋቢ ውሃ እስከ መቼ እንደሚይዝ አታውቅም ነበር።